«ልቡ ንጹሕ ነው» ማለት አይበቃም፦ ለ«ሜዞን ኢኮኩ» አድናቂዎች የቀረበ ሙግት



የፍቅር ኮሜዲ አኒሜ የሚያዩ ወጣቶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ስም አለ፦ ዩሳኩ ጎዳይ። የ«ሜዞን ኢኮኩ» ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። «የድሮ አኒሜ ነው ግን እንደሱ ያለ የለም» ይላሉ። «ጎዳይ እንደኛ ነው፤ ድሃ ነው፣ ሥራ የለውም፣ ግን ልቡ ንጹሕ ነው፤ ለዓመታት ታግሶ የሚወዳትን አገባ» ይላሉ። ሥራው ትልቅ ሥራ ስለመሆኑ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «ልቡ ንጹሕ ነው» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ምክንያቱም ይቺ ቃል አንዲትን ልጅ ከታሪኩ ጠርጋ ታወጣለች። ያቺን ልጅ ዛሬ መልሰን እናምጣት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስቀምጥ። ይህ ጽሑፍ «ሄዳችሁ እዩት» የሚል ጥቆማ አይደለም። ሥራው የወጣው ለአዋቂ ወጣቶች በሚታተም መጽሔት ላይ ነው፤ መጠጥ አለበት፣ ካባሬ ቤት አለበት፣ ለታናናሽ ወንድምና እህት የሚሰጥ አይደለም። የምጽፈው አይተው ለጨረሱት፣ ጎዳይን ደግሞ አርአያ አድርገው ለያዙት ነው።

➊ ታሪኩን ለማያውቅ በአጭሩ

«ሜዞን ኢኮኩ»ን የጻፈችውና የሳለችው ሩሚኮ ታካሃሺ ናት። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የተወለደች ጃፓናዊት ስትሆን «ራንማ ½» እና «ኢኑያሻ» የሷ ናቸው። ማንጋው «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» በተባለው መጽሔት ላይ ከ1980 እስከ 1987 ወጣ፤ ሲሰበሰብ 15 ቅጽ ሆነ። አኒሜው ከ1986 እስከ 1988 በ96 ክፍል ተላለፈ። የሚገርመው በእነዚያው ዓመታት ሴትየዋ በሌላ መጽሔት «ኡሩሴይ ያትሱራ»ን ጎን ለጎን ትሠራ ነበር፤ ሁለቱንም የጨረሰቻቸው በ1987 ነው።

ታሪኩ ቶኪዮ ውስጥ ባለ ያረጀ የእንጨት ኪራይ ቤት ይጀምራል። ጎዳይ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ወድቆ ለሚቀጥለው የሚያጠና ልጅ ነው፤ ጃፓኖች እንዲህ ያለውን «ሮኒን» ይሉታል። ጎረቤቶቹ እረፍት አይሰጡትም። ዮትሱያ የተባለው ግድግዳውን በስቶ ይገባበታል፤ ወይዘሮ ኢቺኖሴና አኬሚ የሱን ክፍል መጠጥ ቤት አድርገውታል። ልጁ ሻንጣውን ይዞ ሊወጣ ሲል አዲሷ የቤቱ አስተዳዳሪ ትመጣለች፤ ኪዮኮ ኦቶናሺ። ጎዳይ ያያታል፣ ይቀራል።

ኪዮኮ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ገና ሁለተኛ ደረጃ እንደጨረሰች የወላጆቿን ተቃውሞ ጥሳ አስተማሪዋን ሶኢቺሮን አገባች፤ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ሞተባት። ቤቱ የአማቷ ነው። የምታሳድገው ነጭ ውሻ የሟቹን ስም ይዟል። ደራሲዋ ደግሞ የሶኢቺሮን ፊት አንድም ቀን አታሳየንም፤ ፎቶው ሲወጣ እንኳ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው። ጎዳይ የሚፎካከረው ፊቱን ከማናውቀው ሰው ጋር ነው። ይህንን ያሰበች ደራሲ ቀላል ሰው አይደለችም።

እስከዚህ ድረስ ጎዳይን መውደድ ከባድ አይደለም። ጥያቄው ከዚህ በኋላ ይመጣል።

➋ ኮዙኤ ማን ናት?

ጎዳይ መጠጥ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲሠራ ኮዙኤ ናናኦ የምትባል ልጅ ያገኛል። ደስተኛ፣ ተንኮል የማታውቅ ልጅ ናት። ሲኒማ አብረው ይሄዳሉ። ቤቷ ወስዳ ከቤተሰቦቿ ጋር ማዕድ ታስቀርበዋለች። እሷም፣ እናት አባቷም፣ የሚያውቋቸውም ሰዎች «ጓደኛዋ ነው» ብለው ያምናሉ። ይህ የአንድ ሳምንት ነገር አይደለም፤ ዓመታት አለፉ። ጎዳይ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ተማረ፣ ተመረቀ፤ ኮዙኤም ተመርቃ ባንክ ተቀጠረች። ጉዳዩ ግን እዚያው ነው።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጎዳይ የሚወደው ኪዮኮን ነው። ይህንንም ያውቃል፤ ተወናብዶ አይደለም። ገና በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ሰክሮ ሰፈሩ እስኪሰማ «ኪዮኮን እወዳታለሁ» ብሎ ጮኋል።

እስቲ ወንድሜ ይህንን አስበው። ሰክሮ ለሰፈሩ ሁሉ መናገር የቻለ ልጅ፣ ሳይሰክር ለአንዲት ልጅ ብቻ «ልቤ ሌላ ቦታ ነው» ማለት ለዓመታት አቃተው። ይህ ነው «ንጹሕ ልብ» የምንለው?

➌ ጠበቆቹ የሚሉትና መልሱ

▪️ «ምንም ቃል አልገባላትም» ይላሉ።

እውነት ነው፣ በአፉ አልገባም። ግን ቃል የሚገባው በአፍ ብቻ ነው? የሰው ቤት ገብተህ፣ እናቷ አጥፋልህ፣ አባቷ «ልጄ» እያለህ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ስትጠራህ እየሄድክ፣ «እኔ ምንም አላልኩም» ማለት የጠበቃ መልስ እንጂ የወንድ ልጅ መልስ አይደለም። ዝም ብሎ የበላውን ማዕድ አፉ ባይናገር እግሩ ተናግሯል። ከዚህም የሚብሰው፣ ጎዳይ የሷን ግምት ያውቃል። ሰው በስህተት የሰጠህን ገንዘብ ስህተት መሆኑን እያወቅህ ኪስህ ብታስገባ «አልሰረቅኩም፣ ሰጡኝ» ማለት ትችላለህ። አማናው ግን የት ሄደ?

▪️ «ሊጎዳት ስላልፈለገ ነው» ይላሉ።

ይቺ የሁሉም መደበቂያ ናት። ጎዳይ ለመናገር ያሰበባቸው ጊዜያት አሉ፤ ልጅቱ ፊቱ ቆማ ፈገግ ስትል ቃሉ ይጠፋበታል። ተመልካቹም «ምን ያህል ሩኅሩኅ ነው» ይላል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ የሚጠብቀው የማንን ሕመም ነው? በመጀመሪያው ወር ቢነግራት አንድ ሳምንት ታለቅሳለች። በአምስተኛው ዓመት ሲሆን የምታጣው ወጣትነቷን ነው። እየቆየ በሄደ ቁጥር የሷ ኪሳራ እየጨመረ፣ የሱ ምቾት ግን እንዳለ ይቆያል። ስታለቅስ የማየት ግዴታ ተነሳለት፤ የኪዮኮ በር ሲዘጋበት ደግሞ የምትስቅለት ሰው አለችው። ርኅራኄ ዋጋ የሚያስከፍለው ባለቤቱን ነው። ይህኛው ግን ዋጋውን ሌላ ሰው ላይ ጭኖ ስሙን ብቻ ለራሱ ወሰደ።

▪️ «ድሃ ነበር፣ ሥራ አልነበረውም፣ እንዴት ይወስን?» ይላሉ።

የጎዳይ ድህነት ውሸት አይደለም፤ ደራሲዋም አላቀለለችውም። ተመርቆ ሥራ አገኘ ሲባል የቀጠረው ድርጅት ገና ሥራ ሳይጀምር ከሰረ። የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ረዳት ሆነ፤ ከዚያም ተቀነሰ። ካባሬ ቤት ገብቶ እዚያ የሚሠሩ ሴቶችን ልጆች እየጠበቀ ለሕፃናት መምህርነት ፈተና አጠና። ሥራ ፍለጋ የተንከራተተ ወጣት ይህን ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ ሊባባም ይገባል። ነገር ግን ሥራ ማጣት ለማግባት እንቅፋት ይሆን ይሆናል፤ እውነት ለመናገር ግን ስንት ብር ያስፈልጋል? «እኔን አትጠብቂ» ማለት ነፃ ነው። ደመወዝ አይጠይቅም፣ ዲግሪ አይጠይቅም። ድህነቱን ለኪዮኮ ጉዳይ ምክንያት አድርጋችሁ ብታቀርቡት እቀበላለሁ። ለኮዙኤ ጉዳይ ግን ምክንያት አይሆንም።

▪️ «ኮሜዲ ነው፤ አለመግባባት ባይኖር ታሪኩ አይኖርም» ይላሉ።

ይህኛው ጠንካራው ክርክር ነው። እውነትም የፍቅር ኮሜዲ በአለመግባባት ይቆማል። በ«ኡሩሴይ ያትሱራ» ውስጥ አታሩ የተባለው ልጅ ያየውን ሴት ሁሉ ቢያሯሩጥ ነገ ተመልሶ እዚያው ነው፤ ዓመት አያልፍም፣ ማንም አያድግም፤ እንደ ካርቱን ድብደባ ቁስሉ አይቀርም። «ሜዞን ኢኮኩ» ግን እንዲህ አይደለም! የሥራው ትልቅነት ጊዜ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። ማንጋው በየዓመቱ ሲወጣ ገጸ ባሕርያቱም በየዓመቱ አደጉ። የሮኒኑ ልጅ ተመራቂ ሆነ፤ የትናንቷ ወጣት «ዕድሜሽ ሄደ» መባል ጀመረች። ጊዜ በሚያልፍበት ታሪክ ውስጥ ማዘግየት ቀልድ መሆኑ ይቀርና ዕዳ ይሆናል። «ትልቅ ሥራ ነው፣ እንደ እውነተኛ ሕይወት ነው» እያላችሁ ስታደንቁት ቆይታችሁ፣ ጥፋቱ ሲቆጠር «ኮሜዲ ነው» ማለት አይቻልም። አንዱን ምረጡ።

➍ «ኪዮኮስ? እሷም ሚታካን አላዘገየችም ወይ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ሹን ሚታካ የቴኒስ አሠልጣኝ ነው፤ ሀብታም፣ መልከ መልካም፣ ሲስቅ ጥርሱ የሚያበራ። ተመልካች የሚጠላው ሰው ነው። ግን ልብ በሉ፦ ከጅምሩ ፍላጎቱን ያልደበቀው ሰው ይህ የተጠላው ነው። ኪዮኮን ለጋብቻ እንደሚፈልጋት ፊት ለፊት ነገራት፤ ለጎዳይም ተፎካካሪው መሆኑን አልሸሸገውም። ኪዮኮ ለዓመታት «እሺ»ም «እምቢ»ም አላለችውም። ጥፋት ነው? አዎ፣ ጥፋት አለበት። በተለይ ልቧ ወደ ጎዳይ ማዘንበሉን ካወቀች በኋላ የዘገየችው መዘግየት።

ሆኖም ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛ፣ ሚታካ የሚጠብቀውን ያውቃል፤ መልስ እንዳላገኘ ያውቃል፣ ሌላ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ዓይኑን ከፍቶ ነው የተቀመጠው። ኮዙኤ ግን ውድድር እንዳለ እንኳ አልተነገራትም። ሁለተኛ፣ ኪዮኮ የዘገየችው ሐዘን ላይ ሆና ነው። እኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ አራት ወር ከአስር ቀን ነው፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ። ሲያበቃ ማግባት መብቷ ነው፤ ማንም «ለሟቹ ታማኝ አይደለሽም» ሊላት አይችልም። ኪዮኮ እንዲህ ያለ ወሰን የሚያሰምርላት ሰው አልነበራትም። አማቷ ወጣት መሆኗን እያየ ሕይወቷን እንድትቀጥል ይወድላታል፤ እናቷ አግቢ ትላታለች፤ አባቷ ግን ጨርሶ እንድታገባ አይፈልግም። እሷ ደግሞ ሌላ ሰው መውደድ ሶኢቺሮን ዳግም መቅበር ይመስላታል። ይህ ትግል አለመወሰን ይባል ይሆናል፤ ማታለል ግን አይባልም። የጎዳይ የኮዙኤ ነገር እንዲህ ያለ ሐዘን የለበትም። ፍርሃት ብቻ ነው ያለበት።

➎ ደራሲዋ ያመለጠችው ቦታ

አሁን ወደ ደራሲዋ እንምጣ። ታካሃሺን ማክበር ተገቢ ነው፤ በ2019 በፈረንሳይ አንጉሌም የኮሚክስ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘች ሰው ናት። ግን ይህንን ቋጠሮ እንዴት እንደፈታችው ተመልከቱ።

ኮዙኤን አንድ የባንክ ባልደረባዋ እናግባ ብሎ ይጠይቃታል። እሷ በጎዳይ ምክንያት ታመነታለች። ከዚያ ጎዳይ ከአኬሚ ጋር ከአንድ መጥፎ ስም ካለው ሆቴል ሲወጣ ታየዋለች። ጎዳይ በዚህኛው ንጹሕ ነው፤ አኬሚ የምትከፍለው አጥታ ገንዘብ አምጣልኝ ብላው ነው የሄደው። ኮዙኤ ግን ያየችውን አየች። በመጨረሻም እሷው ራሷ «ሌላ ሰው ላገባ ነው» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው።

ገባችሁ? ለዓመታት የጠበቅነው ቃል ከጎዳይ አፍ ሳይወጣ ቀረ! ባልሠራው ጥፋት ተከሶ፣ የሠራው ጥፋት ሳይነሳ ተሸኘ። ኮዙኤም እውነተኛውን ምክንያት ከሱ አፍ ሳትሰማ ሄደች።

በሌላው ወገንም እንዲሁ ነው። ሚታካ ውሻ ሲያይ የሚርድ ሰው ነው፤ ቤተሰብ ያጫት አሱና ኩጆ ደግሞ ቤቷ ውሾች የሞሉበት ልጅ ናት። አንድ ቀን ሰክሮ ሲነቃ አሱና አጠገቡ ናት። ቆይቶ «እርግዝና» የሚል ወሬ ይሰማል። ያረገዘችው ውሻዋ መሆኗን ሳያውቅ፣ ልጅቱ ናት ብሎ ኃላፊነቱን ለመውሰድ እናግባ ይላታል። ስንስቅ እንውላለን፤ ኪዮኮም «እምቢ» ሳትል ተገላገለች።

ሁለት ከባድ «አይሆንም»ዎች ነበሩ፤ ደራሲዋ ሁለቱንም በአለመግባባት ዋጠቻቸው። ጀግኖቿን የምንወዳቸው እንዲሆኑ ከመናገር አዳነቻቸው። እዚህ ላይ ሚታካን ደግሞ ልብ በሉት። በስህተት ቢሆንም፣ «ያበላሸሁት ነገር ካለ እኔው እቆምበታለሁ» ብሎ ወጣ። ከዓመታት ዝምታ ጋር አነጻጽሩትና ማን ወንድ እንደነበር ንገሩኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። የሰዎቹ ስም ውስጥ ቁጥር ተደብቋል። ኢቺኖሴ አንድ፣ ኒካይዶ ሁለት፣ ሚታካ ሦስት፣ ዮትሱያ አራት፣ ጎዳይ አምስት፣ ሮፖንጊ ስድስት፣ ናናኦ ሰባት፣ ያጋሚ ስምንት፣ ኩጆ ዘጠኝ። የኪዮኮ የአባወራ ስም ኦቶናሺ ደግሞ «የሌለ» የሚል ትርጉም ስላለው ዜሮ ሆኖ ይቆጠራል። ደራሲዋ ሁሉንም ሰው ቆጥራ ነው የጀመረችው። ጎዳይ ግን ሰባተኛዋን ሳይቆጥር አለፈ። እኛ አድናቂዎቹም ተከትለነው አለፍን።

➏ ታዲያ የሚደነቀው ጎዳይ የቱ ነው?

ፍትሕ ያስፈልጋል፤ ሙግት ማለት ሰውን ማጥፋት አይደለም። ሁለት ጎዳይ አለ።

አንዱ ሰዓቱን የሚጠብቅ፣ የሚሸሽ፣ ነገር በራሱ እንዲፈታ የሚመኝ ነው። ሌላው በመጨረሻዎቹ ቅጾች የምናየው ነው። ይህኛው ፈተናውን አልፎ የሕፃናት ማቆያ መምህር ሆነ፤ ሥራ ሲይዝ በዚያው እናግባ አለ። የጠየቃትም ተደብቆ ሳይሆን፣ ሰክሮ የተኛውን አባቷን በጀርባው ተሸክሞ መንገድ ላይ እየሄደ ነው። ኪዮኮ ገንዘብ አልጠየቀችውም፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፦ ከእኔ አንድ ቀን እንኳ ብትሆን በልጠህ ኑር፤ ዳግም ብቻዬን መቅረት አልችልም። ከዚያ ጎዳይ ወደ ሶኢቺሮ መቃብር ሄዶ ሟቹን «ውጣልኝ» አላለውም። ኪዮኮ ውስጥ መኖሩን አምኖ፣ ከነትዝታዋ እንደሚቀበላት ተናገረ።

ሱብሃነላህ! በዓመታት ተፎካካሪ ያደረገውን ሰው ሐቅ የሰጠው ያኔ ነው። የኪዮኮን ያለፈ ሕይወት እንደ ነውር ወይም እንደ ጉድለት አልቆጠረውም። በየከተማችን «አግብታ የፈታች»፣ «ባሏ የሞተባት» ስትባል ፊቱን የሚያጠቁር ቤተሰብና ወጣት ይህንን አንድ ምዕራፍ ቢረዳ ይበቃው ነበር። ይህን ጎዳይ አድንቁት፤ እኔም አብሬያችሁ ነኝ።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ጎዳይ የተወለደው መናገር በጀመረ ቀን ነው። ያገባው ስለጠበቀ አይደለም። መጠበቁን ትቶ ስለቆመ ነው። «ታግሶ አገኘ» የሚሉ ሰዎች ታሪኩን ገልብጠው ነው ያነበቡት። ትዕግሥት አንድ ነገር እየሠሩ መጠበቅ ነው፤ ለፈተናው እያጠና የጠበቀው ትዕግሥት ነው። ሁለት ሴቶች መሐል ተቀምጦ የጠበቀው ግን ስሙ ሌላ ነው።

➐ ለምን ይህን ያህል አስጨነቀኝ?

ምክንያቱም ጎዳይ ቶኪዮ አልቀረም። «እያወራን ነው» የሚል ወንድም ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ያወራል። ቤተሰቧ ያውቁታል፤ እሱ ቤተሰብ ግን ስሟ ተነስቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ለኒካህ ሲጠይቃት በሱ ምክንያት ትመልሳለች። እሱን ስትጠይቁት «ምንም ቃል አልገባሁም፣ እሷ ናት እንዲያ ያሰበችው» ይላል። ጓደኞቹ ደግሞ «ልቡ ንጹሕ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም» ይሉለታል። አዎ፣ ክፉ አይደለም። ኮዙኤን የጎዳትም ክፉ ሰው አልነበረም።

ወንድሜ! ፍላጎትህ ካለ በሩን አንኳኩተህ በቤተሰቧ በኩል ግባ። ከሌለህ ዛሬ ንገራት። አንተ በልብህ የያዝከውን አላህ ያውቀዋል፤ እሷ ግን የምታውቀው የነገርካትን ብቻ ነው።

እህቴ! አንቺም መልሱን መጠየቅ ነውር አይደለም። ኮዙኤ አንድ ጊዜ ቁርጥ አድርጋ ብትጠይቀው ኖሮ ዓመታቷን ታተርፍ ነበር። ጥፋቱ የሷ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዕድሜው ግን የሷ ነበር።

«ሜዞን ኢኮኩ»ን የምታውቁ በሙሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ጎዳይ ልቡ ንጹሕ ነው» ስትሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ኮዙኤስ ምን ትላለች? የጎዳይ ጠበቃ ነኝ የምትሉ ደግሞ መልሳችሁን ከሥር አስፍሩ፤ ስድብ ሳይሆን ማስረጃ ያለው መልስ በደስታ እናነባለን።

አላህ የምንናገረውን የምንፈጽም፣ የማንፈጽመውን የማናስጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።